ወጣቱን ረኒንግ ባክ መሸጥ ወይስ ማቆየት?

በአሜሪካ ፉትቦል ፋንታሲ፣ ማለትም እውነተኛ ተጫዋቾች ሜዳ ላይ የሚሠሩት ወደ ነጥብ በሚቀየርበት ጨዋታ፣ ቡድን አላችሁ እንበል። ማክሰኞ ጠዋት ስልካችሁ ላይ የትሬድ (የተጫዋች ልውውጥ) ጥያቄ ገብቷል። እሁድ ዕለት ሁለት ታችዳውን (ኳስ ይዞ የግቡን መስመር ማለፍ) ያስቆጠረላችሁን የ23 ዓመት ረኒንግ ባክ ስጡኝ፣ እኔ ደግሞ አንድ ጥሩ ዋይድ ሪሲቨር (የሚወረወር ኳስ ተቀባይ)ና የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ድራፍት (ተጫዋች በተራ የሚመረጥበት) ምርጫ ልስጣችሁ ይላል። ልጁን ትወዱታላችሁ። ዋጋውም አይናቅም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ልጁ ጎበዝ መሆን አለመሆኑን ብቻ አስቦ ይመልሳል፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ጉብዝናውንማ ጥያቄውን የላከውም ሰው ያውቃል፣ ባያውቅ አይጠይቅም ነበር። መታየት ያለበት ልጁ ዛሬ ገበያ ላይ የሚያወጣው ዋጋና ቡድናችሁ ማሸነፍ በሚችልበት ጊዜ የሚሰጣችሁ ነጥብ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ የሚሄዱበት ጊዜ አጭር ነው፣ በተለይ በዚህ ቦታ።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲን ለምዶ አሜሪካ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ሊግ ለሚገባ ሰው አንድ ነገር እናስቀድም። እዚያ ሃላንድን ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ ይይዙታል፤ ካልፈለጋችሁት ትሸጡታላችሁ፣ ገዢው ጨዋታው ራሱ ነው። በአሜሪካው ፉትቦል በተለመደው አጨዋወት ግን አንድ ተጫዋች በአንድ ሊግ ውስጥ ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ ነው። የፈለገው ሰው ከእናንተ ጋር ተደራድሮ፣ ከራሱ ቡድን ቀንሶ ነው የሚወስደው። ረኒንግ ባክ ማለት ኳሱን ከኳርተርባኩ (ኳሱን ከሚወረውረውና ከሚያከፋፍለው) እጅ ተቀብሎ የሚሮጠው ነው፤ አንዳንዴ ወደ ዳር ወጥቶ የሚወረወርለትንም ይቀበላል። ነጥቡ በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ በሩጫም ሆነ ኳስ ተቀብሎ ለሚሄደው 10 ያርድ 1 ነጥብ፣ ለታችዳውን 6፣ ኳስ ጥሎ ተቃራኒው ከወሰደበት 2 ይቀነሳል። ፒፒአር በሚባለው አቆጣጠር ለሚቀበለው ለእያንዳንዱ ኳስ ተጨማሪ 1 ነጥብ ያገኛል፣ በግማሽ ፒፒአር ደግሞ 0.5።

መጀመሪያ የራሳችሁን ሊግ ደንብ ክፈቱ። በየዓመቱ ሁሉም ተበትኖ እንደ አዲስ የሚመረጥበት ሪድራፍት ከሆነ የልጁ ዕድሜ ምንም ዋጋ የለውም፤ ዲሴምበር ላይ ስንት ነጥብ ያመጣል የሚለው ብቻ ነው ጥያቄው። ጥቂት ተጫዋቾች ለሚቀጥለው ዓመት የሚያልፉበት ኪፐር ሊግ ከሆነ፣ ልጁን ለማቆየት የምትከፍሉት የድራፍት ዙር ስንተኛ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ትንታኔ በዋናነት የሚመለከተው ዳይናስቲን ነው፤ ተጫዋቾቹ ከዓመት ዓመት የእናንተ ሆነው የሚቀጥሉበትን፣ በየዓመቱ ድራፍት የሚደረገው ለአዲስ ገቢዎች ብቻ የሆነበትን።

ሰዓቱ ቶሎ ይሄዳል

ዋይድ ሪሲቨር እስከ 29 እና 30 ዓመቱ ዋጋውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ረኒንግ ባክ ግን በየጨዋታው 15 እና 20 ጊዜ ከግዙፍ ሰዎች ጋር እየተጋጨ ነው የሚሠራው፣ ብዙውን ጊዜ ከ27 በኋላ ይወርዳል። ገበያው ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ ነጥቡ ከመቀነሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ዋጋውን መቀነስ ይጀምራል። 25 ዓመት ሲሞላው የሚቀርብላችሁ ነገር 23 በነበረበት ጊዜ ከቀረበው በግልጽ ያነሰ ነው፣ ሜዳ ላይ ምንም ሳይለወጥ።

በዚህ ላይ ውሉ አለ። በእውነተኛው ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ ድራፍት የገባ ተጫዋች ከቡድኑ ጋር ያለው የመጀመሪያ ውል 4 ዓመት ነው። በመጀመሪያ ዙር ለተመረጠ ቡድኑ አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው፤ ይህንንም የሚወስነው ከሦስተኛው ሲዝን በኋላ ባለው ሜይ መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለተኛ ዙርና ከዚያ በታች የተመረጠው ግን አራተኛው ዓመት ሲያልቅ ነፃ ነው። ልጃችሁ ሦስተኛ ሲዝኑ ላይ ከሆነ እናንተ የያዛችሁት ሁለት እርግጠኛ ዓመት እንጂ አሥር ዓመት አይደለም።

ረኒንግ ባኩን ቶድ ገርሊን ማስታወስ ይጠቅማል። በ2015 ራምስ በ10ኛ ምርጫ ወሰዱት። በ2017 የዓመቱ ምርጥ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ፣ በ2018 በ14 ጨዋታ 21 ታችዳውን አስቆጠረ፣ በዚያው ክረምት ትልቅ ውል ፈርሞ ነበር። ከዚያ ጉልበቱ እምቢ አለ። በማርች 2020 ራምስ አሰናበቱት፣ የመጨረሻ ሲዝኑን በአትላንታ ሲጫወት ገና 26 ዓመቱ ነበር። በ2018 አጋማሽ ባለቤቱን “ሽጥልኝ” ብትሉት ይስቅባችሁ ነበር።

ሁሉም እንደዚህ አይሆንም። ሴይኳን ባርክሊ በ2023 ከጃይንትስ ጋር በአንድ ሩጫ በአማካይ 3.9 ያርድ ብቻ ነበር የሚያገኘው፤ በ2024 ወደ ኢግልስ ተዛውሮ በ27 ዓመቱ 2,005 ያርድ ሮጠ፣ በሩጫ 5.8። ሰውየው ያው ነው፣ ከፊቱ መንገድ የሚከፍቱለት አምስቱ ሰዎች ናቸው የተለወጡት። ዴሪክ ሄንሪ በ30 ዓመቱ፣ በዚያው 2024፣ ለሬቨንስ 1,921 ያርድ ሮጧል። እነዚህ ሁለቱ በየክርክሩ የሚጠቀሱት ብርቅ ስለሆኑ ነው፤ የኔ ልጅም እንደነሱ ይሆናል ብሎ ዋጋ መተመን አያዋጣም።

ከያርዱ በፊት ዕድሉን እዩ

በአንድ ሩጫ ስንት ያርድ ሄደ የሚለው ቁጥር ለዓይን ያምራል፣ ለትሬድ ግን እምብዛም አይጠቅምም። የማያሚውን ዴቮን ኤቼን እንውሰድ። በ2023 በ103 ሩጫ 800 ያርድ ሄደ፤ በሩጫ 7.8፣ የማይታመን ነው። በ2024 ደግሞ በ203 ሩጫ 907 ያርድ፤ በሩጫ 4.5። ይህን ብቻ ያየ ሰው ልጁ ወደቀ ብሎ ይሸጣል። ግን በመጀመሪያው ዓመት የተቀበለው ኳስ 27 ነበር፣ በሁለተኛው 78 ሆነ። በፒፒአር ቁጠሩት፤ በ2023 በ11 ጨዋታ በአማካይ 17.5 ነጥብ፣ በ2024 በ17 ጨዋታ 17.6። አልወደቀም ማለት ነው።

አሁን ያንኑ ቁጥር ፒፒአር በሌለው ሊግ ቁጠሩት፤ ከ15.1 ወደ 13.1 ይወርዳል። አንድ ተጫዋች፣ ያው ሁለት ሲዝን፣ በአንዱ ሊግ ባለበት የቆመ፣ በሌላው ሁለት ነጥብ የቀነሰ። ስለዚህ “ኤቼን ይሸጥ?” ተብሎ በደፈናው ሲጠየቅ መልስ የለውም። በ2024 ኤቼን የተቀበለው አንድ ኳስ በአማካይ 7.6 ያርድ ነበር፣ ይህም በፒፒአር 1.76 ነጥብ ነው። አንድ ሩጫው 0.45። ታችዳውኑን ወደ ጎን ካደረግነው አንድ የተቀበለው ኳስ አራት ሩጫ ያህል ያወጣል።

ከዚህ የምትወስዱት ልማድ ይህ ነው። ያለፉትን አራት ጨዋታዎች ክፈቱና የልጁን የስናፕ ድርሻ፣ ማለትም ቡድኑ ኳስ ይዞ ካደረጋቸው እንቅስቃሴዎች ስንቱ ላይ ሜዳ ውስጥ እንደነበረ፣ እዩ። 60 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ሥራው የእሱ ነው። 45 ላይ ከሆነ ከሌላ ሰው ጋር እየተካፈለ ነው። ቀጥሎ ስንት ጊዜ ኳስ እንደተወረወረለት ቁጠሩ፤ በጨዋታ 4 እና 5 ከሆነ ጥሩ ነው። መጨረሻ ላይ ከግቡ መስመር 5 ያርድ ሲቀር ኳሱ ለማን ይሰጣል? ታችዳውን የሚገኘው እዚያ ነው። ኳስ ወደ መስመሩ ሲቃረብ እሱን አስወጥተው ግዙፉን ባልደረባውን የሚያስገቡ ከሆነ፣ እሁድ ያስቆጠራቸው ሁለቱ ታችዳውኖች ከሩቅ የመጡ ናቸው፣ በየሳምንቱም አይደገሙም። ይህ ከሆነ የማክሰኞውን ጥያቄ በደንብ አንብቡት።

ታችዳውን ግን በሁለቱም በኩል ያታልላል። ቢጃን ሮቢንሰን በ2023 ከድራፍቱ 8ኛ ሆኖ ለአትላንታ ሲመረጥ ብዙ ተወርቶለት ነበር፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 976 ያርድ ሮጦ በሩጫ ያስቆጠረው 4 ብቻ ሆነ። ኳሱን ከታይለር ኦልጊየር ጋር ይካፈል ስለነበር ባለቤቶቹ ተበሳጩ፣ ርካሽ የሸጡትም ነበሩ። ሲዝኑ እንዳለቀ አሠልጣኙ ተሰናበተ። በ2024 ልጁ 304 ጊዜ ሮጦ 1,456 ያርድና 14 የሩጫ ታችዳውን አመጣ። ስናፑና ያርዱ እያለ ታችዳውን ብቻ ከጎደለ፣ ያ የሚገዛበት እንጂ የሚሸጥበት ሰዓት አይደለም።

ወንበሩን ማን ይፈልገዋል?

የወጣት ረኒንግ ባክ ትልቁ ጠላት ጉዳት ነው ይባላል። ይሁን፣ ግን ሁለተኛው ጠላት የራሱ ቡድን ነው። ጄምስ ሮቢንሰን በ2020 ማንም ሳይመርጠው ጃክሰንቪል ገብቶ በ14 ጨዋታ 1,070 ያርድ ሮጠ። ባለቤቶቹ ወርቅ አገኘን አሉ። በኤፕሪል 2021 ጃክሰንቪል ትራቪስ ኢትየንን በ25ኛ ምርጫ ወሰደ፣ የሮቢንሰንም ዋጋ በአንድ ምሽት ተቆረጠ። ኢትየን እግሩ ተጎድቶ ያንን ዓመት ስላልተጫወተ ሮቢንሰን ትንሽ ፋታ አገኘ፤ በዲሴምበር ግን የአኪለስ ጅማቱ ተበጠሰ፣ በኦክቶበር 2022 ወደ ጄትስ ተላከ።

ዲትሮይትም ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ2023 ድራፍት ጃሚር ጊብስን በ12ኛ ምርጫ ሲወስዱ፣ በዚያው ሳምንት ዲአንድሬ ስዊፍትን ለፊላደልፊያ ሰጡት። ቡድኑ ለልጁ ያወጣው ምርጫ ከፍ ባለ መጠን ቶሎ ተስፋ አይቆርጥበትም። ሳይመረጥ ወይም በአምስተኛና ስድስተኛ ዙር የገባ ልጅ ግን ምንም ያህል ቢሮጥ በየኤፕሪሉ ይፈተናል። እንዲህ ያለ ልጅ ኖቬምበር ላይ ጥሩ ዋጋ ካወጣላችሁ፣ በግሌ ድራፍቱን ጠብቁ አልልም።

የከፍተኛ ዙር ምርጫ ራሱ ዋስትና አይደለም። ክላይድ ኤድዋርድስ ሄሌር በ2020 በ32ኛ ምርጫ፣ ከረኒንግ ባኮች ሁሉ ቀድሞ፣ ካንሳስ ሲቲ ገባ። የመጀመሪያ ዓመቱ 803 ያርድ የዘለቄታው ጣሪያው ሆኖ ቀረ። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ዋጋው ላይ የቆየው ስሙ ብቻ ነበር፣ ስም ደግሞ የሚሸጠው ገዢው ቁጥሩን እስኪያይ ነው።

ስለ ጉዳት ባጭሩ። ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ከተበጠሰ አንድ ዓመት ይወስዳል፣ ከተመለሰ በኋላም ወራት አሉት። ጄቮንቴ ዊልያምስ በ2022 አራተኛ ሳምንት ተጎድቶ በ2023 ሲመለስ በሩጫ 3.6 ያርድ ብቻ ነበር። ብሪስ ሆል በዚያው 2022 በኦክቶበር ተጎዳ፤ በ2023 መጀመሪያ አሠልጣኞቹ ገድበው እያጫወቱት ቆይተው በአምስተኛው ሳምንት ሲለቁት ዴንቨር ላይ 177 ያርድ ሮጠ። የሁለቱ ጉዳት እኩል ከባድ አልነበረም፤ ዊልያምስ ከአንድ በላይ ጅማት ነበር የተበጠሰበት። ተጫዋቹ እንደተጎዳ በድንጋጤ መሸጥ አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋው ግማሽ መጣል ነው።

ሒሳቡ በቡድኑ ላይ ነው የሚሠራው

ወደ ማክሰኞው ጥያቄ እንመለስ። ሊጋችሁ ውስጥ በየሳምንቱ የሚሰለፉት 2 ረኒንግ ባክ፣ 3 ዋይድ ሪሲቨርና ከሁለቱ ቦታ የትኛውም ሊሆን የሚችል 1 ፍሌክስ ናቸው እንበል። ረኒንግ ባኮቻችሁ በአማካይ 16፣ 13 እና 9 ያመጣሉ፤ 16ቱ የምትለቁት ልጅ ነው። ሪሲቨሮቻችሁ 15፣ 13፣ 11 እና 10። ዛሬ ምርጥ አሰላለፋችሁ 16 እና 13፣ ከዚያ 15፣ 13፣ 11፣ ፍሌክስ ላይ 10፤ ድምሩ 78 ነው።

የሚሰጧችሁ ሪሲቨር 14 ያመጣል። ላይ ላዩን 16 ሰጥታችሁ 14 ወሰዳችሁ፣ የጠፋው 2 ነጥብ ይመስላል። አሰልፉት። ረኒንግ ባክ 13 እና 9፣ ሪሲቨር 15፣ 14 እና 13፣ ፍሌክስ ላይ 11። ድምሩ 75። የጠፋው 3 ነው፣ ምክንያቱም 9 የሚያመጣው ሰው ከተጠባባቂ ተነስቶ መግባት አለበት። ብዙ ባለቤት የማይሠራው ሒሳብ ይሄ ነው፣ የሚሠራውም ወረቀት ላይ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ሦስቱ ነጥብ ይጎዳል ወይ የሚለው በደረጃችሁ ይወሰናል። 7 አሸንፋችሁ 2 ከተሸነፋችሁ፣ ሻምፒዮናው ከ15ኛ እስከ 17ኛ ሳምንት ነው የሚወሰነው፣ 3 ነጥብ ብዙ ነው። 2 አሸንፋችሁ 7 ከተሸነፋችሁ ግን ልጁ ዘንድሮ የሚያመጣላችሁ ነጥብ ለማንም አይጠቅምም። እንዲያውም ይጎዳችኋል፤ ብዙ የተሸነፈ ቀድሞ ስለሚመርጥ፣ በየሳምንቱ ነጥብ በሰጣችሁ ቁጥር የራሳችሁን የድራፍት ምርጫ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ደካማ ቡድን ላይ የተቀመጠ ውድ ረኒንግ ባክ ፍሪጅ በሌለው ቤት እንደተገዛ ሥጋ ነው። ቡድናችሁ የሚበረታው ከሁለት ዓመት በኋላ ከሆነ፣ ያኔ ልጁ 25 ይሆናል፣ ውሉም ሊያልቅ ይቃረባል።

በጥያቄው ውስጥ ያለው “የመጀመሪያ ዙር ምርጫ” ደግሞ ስሙ አንድ ነው እንጂ ዋጋው አንድ አይደለም። 12 ሰው ባለበት ሊግ የመጀመሪያው ምርጫና 12ኛው ምርጫ የሰማይና የምድር ልዩነት አላቸው። ምርጫው የማን ነው? ሻምፒዮና የሚፈልገው ሰው የሚሰጠው የራሱን ከሆነ፣ በአብዛኛው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ይወድቃል፤ እናንተ ደግሞ ምርጥ ረኒንግ ባካችሁን ሰጥታችሁት ይበልጥ ወደ ኋላ ትገፉታላችሁ። በቡድኑ ገጽ ላይ ሌላ ሰው የሸጠለት ምርጫ ካለ፣ በተለይ ከሊጉ ግርጌ የተቀመጠ ሰው፣ እሱን ጠይቁ።

የትሬድ ማስያዎችን፣ ማለትም የተጫዋቾችን ዋጋ በቁጥር የሚያነጻጽሩትን፣ በተመለከተ፣ ተጠቀሙባቸው፣ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሊጋችሁ ፒፒአር መሆን አለመሆኑን፣ ስንት ሰው እንዳለበት፣ ሁለተኛ ኳርተርባክ የሚያስገባ ሱፐርፍሌክስ መሆኑን ካላስገባችሁ የሚያወጡት ቁጥር የሌላ ሰው ሊግ ቁጥር ነው። ሁለተኛ፣ ማስያ ትናንሽ ነገሮችን ደምሮ ትልቅ ያደርጋል። አራት መካከለኛ ተጫዋች ከአንድ ምርጥ ጋር እኩል ነው ይላችኋል፤ የምትሰለፉት ግን በስድስት ቦታ ነው፣ ለአራቱም ቦታ ለማግኘት ሦስት ሰው ማሰናበት ይኖርባችኋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንደዚህ ላለው ትሬድ ነው። ምርጡን ተጫዋች የምትሰጡት እናንተ ከሆናችሁ፣ ማስያው እኩል ነው ያለውን ዋጋ ሳይሆን ከሱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚበልጥ ጠይቁ።

መልሱን እንዴት እንላክ?

ከመመለሳችሁ በፊት የጠያቂውን ቡድን ክፈቱ። ረኒንግ ባኩ ባለፈው ሳምንት ተጎድቶ ከሆነ፣ ደረጃው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ከሆነ፣ እሱ ነው የቸኮለው። የትሬድ መዝጊያው ቀን ከተቃረበ ደግሞ ይብስበታል፤ በብዙ ሊግ ይህ ኖቬምበር ውስጥ ነው። ዋጋው የሚወጣው ያኔ ነው። ጠያቂው እንደናንተ ከታች ያለና ገና የሚገነባ ከሆነ ግን ርካሽ ፍለጋ ነው የመጣው።

ቀጥሎ “አይ” ብሎ ከመዝጋት ይልቅ የራሳችሁን ጥያቄ መላክ ይሻላል። ሻምፒዮና የምትፈልጉ ከሆነ፣ የመጀመሪያ ዙሩን ምርጫ ተዉለትና ከ14ቱ ሪሲቨር ጋር ተጠባባቂ ያስቀመጠውን 12 የሚያመጣ የ27 ዓመት ረኒንግ ባክና የሁለተኛ ዙር ምርጫ ጠይቁ። ለእሱ ያረጀ ነው፣ የናንተን ልጅ ካገኘ አያስፈልገውም። አሰልፉት፤ ረኒንግ ባክ 13 እና 12፣ ሪሲቨር 15፣ 14 እና 13፣ ፍሌክስ 11። ድምሩ 78፣ ዛሬ ካላችሁ ጋር እኩል። ዘንድሮ ምንም ሳታጡ ከልጁ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያለው ሪሲቨርና አንድ ምርጫ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። አንድ ሰው ማሰናበት ይኖርባችኋል፣ ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ወስኑ። የምትገነቡ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ዙር ያዙ፣ ግን ከግርጌ ያለውን ሰው ምርጫ አስቀይሩት፣ ወይም የሁለት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ጠይቁና ከዚያ ውረዱ።

በመተግበሪያው ዝም ብሎ ቁጥር ከመላክ አንድ መስመር መልእክት ይቅደም። “ልጁን ለመሸጥ ግድ የለኝም፣ ረኒንግ ባክ ካልተካህልኝ ግን ይከብደኛል” ማለት ይበቃል። ስለ ልጁ ጉዳት ወይም ስለ ራሳችሁ ፍርሃት አትጻፉ።

መጨረሻ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው የሰዓት ጉዳይ አለ። በአንዳንድ ሊግ ሁለታችሁም ከተስማማችሁ በኋላ ሌሎቹ ወይም ኮሚሽነሩ (የሊጉ አስተዳዳሪ) እንዲያዩት ትሬዱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል። ሐሙስ ማታ የሚጫወት ተጫዋች ውስጡ ካለ፣ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ለዚያ ሳምንት ነጥቡ ባለበት ቡድን ይቀራል። ስለዚህ ድርድሩ ማክሰኞ ከተጀመረ ረቡዕ ጠዋት ይለቅ፤ ካልሆነ ለእሁዱ ጨዋታ ልጁን አሰልፉትና በሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጥሉ።